ድፍረት ሁሉ ጀግንነት ነውን?



በመካከላችን ዘወትር የሚነገሩ ሁለት አጫጭር ንግግሮች አሉ። አንደኛው «ምን ያስፈራሃል! ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የሚነገረው ከአደጋ በፊት፣ በጓደኛሞች መካከል፣ በሳቅና በጭብጨባ ነው። ሁለተኛው የሚነገረው ከአደጋ በኋላ፣ በዕድር ድንኳን ውስጥ፣ በዝግታና በትካዜ ነው። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ግን አንድ ሰው ሞቷል፤ ወይም አንድ እግር ተቆርጧል፤ ወይም አንዲት እናት ከእንግዲህ ወዲህ ከአልጋ የማይነሣ ልጅ አስታማሚ ሆናለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ንግግሮች መመርመር ነው። የሰው ሕይወት በከንቱ እንዲጠፋ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል ከመንገዱ ጥበትና ከፍሬኑ ማርጀት ጋር እነዚህም ንግግሮች ሊቆጠሩ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ወጣቱን ወደ ገደሉ ይገፋዋል፤ ሁለተኛው የገፋውን እጅ ይሸፍነዋል።

ለመሆኑ ድፍረት ምንድን ነው? ቋንቋችን በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። «ደፋር» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ማሞገሻ፣ አንዳንድ ጊዜም መገሠጫ ነው። ልጅ በአባቱ ፊት ያለ አግባብ ሲናገር «አንተ ደፋር!» ይባላል። «ጀግና» የሚለው ቃል ግን ሲያሞግስ እንጂ ሲገሥጽ አልሰማንም። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሁለቱን ቃላት ሲለዩ አንድ ነገር ያውቁ ነበር ማለት ነው። ድፍረት አደጋን አለመፍራት ብቻ ነው። ጀግንነት ግን አደጋውን ዐይቶና ፈርቶ፣ ከሚገኘው በጎ ነገር ጋር መዝኖ፣ ስለዚያ በጎ ነገር መጋፈጥ ነው። ድፍረት ሚዛን የለውም፤ ጀግንነት ሚዛን አለው።

ይህን ልዩነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ወር አጋማሽ፣ በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልላችን፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቶች ደርሰው ከጭቃው ሥር ያሉትን ለማውጣት ተረባረቡ፤ መሣሪያ ያላገኘው በባዶ እጁ ቆፈረ። እነርሱ በመቆፈር ላይ ሳሉ ተራራው ዳግመኛ ተናደና አዳኞቹንም ቀበራቸው። በዚያ አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የገዛ ቤታቸው ያልተናደባቸው፣ ሌላውን ለማዳን ሮጠው የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ አምስት ወር ቆይቶ፣ እሑድ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጎረቤታችን በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ወደ ሠርግ የሚሄዱ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። 71 ሰዎች ሞቱ። ለእልልታ የወጡ ሰዎች ለለቅሶ ተመለሱ።

በሁለቱም ቦታ ሞት አለ፤ በሁለቱም ቦታ ቀድሞ የታየ ወይም ሊታይ የሚችል አደጋ አለ። ነገር ግን ኅሊናችን ሁለቱን እኩል አያያቸውም። ለምን? በእኔ አስተያየት ኅሊናችን ሳናውቀው ሦስት ጥያቄዎችን ስለሚጠይቅ ነው። አንደኛ፣ አደጋው የተገባበት ለምን ነገር ነው? ሁለተኛ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ሌላ መንገድ አልነበረምን?

የጎፋዎቹ አዳኞች በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቢፈተኑ ቀና ብለው ይቆማሉ። የገቡበት ለሰው ነፍስ ነው። ዋጋውን የከፈሉት በገዛ ሕይወታቸው ነው። በዚያች ሰዓት ከዶማና ከእጅ በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም። እርግጥ ነው፣ ፍቅርም ዐይን ያስፈልገዋል፤ ዐሥር ሰው ሲቆፍር አንድ ሰው ተራራውን እንዲጠብቅ ማድረግ ከዚያ ኀዘን የሚወሰድ ትምህርት ነው። ነገር ግን እነዚያን ሰዎች ሞኞች ብሎ የሚጠራ ምላስ የለም። ጀግኖች ናቸው።

ስለ ሠርገኞቹ ስናስብ ደግሞ ጣታችንን በሟቾቹ ላይ ለመቀሰር አንቸኩል። ሰው ከገጠር ቀበሌ ወደ ዘመዱ ሠርግ ለመሄድ አውቶቡስ በሌለበት መንገድ የተገኘውን ተሳፍሮ ይሄዳል። የሚያጓጉዝ ነገር ማጣት ሞኝነት አይደለም፤ ችግር ነው። ሆኖም ችግሩ ጥያቄውን አያስቀረውም፤ ወደ ሌላ ሰው ያዞረዋል እንጂ። የጭነት መኪና የተሠራው ለእህልና ለሲሚንቶ ነው። መቀመጫ የለውም፤ ቀበቶ የለውም። ሰው ቆሞ ሲጫንበት ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመታጠፊያም ላይ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ኩንታል ታስሮ ይጫናል፤ ሰው ግን አይታሰርም። ይህን ሾፌር ያውቃል፤ ባለንብረት ያውቃል፤ ሠርግ ደጋሹም ቢያስብ ያውቃል። እንግዲህ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ሁለት ጊዜ ከመመላለስ አንድ ጊዜ ለመጨረስ» ከሆነ፣ «ማን ይከፍላል?» ለሚለው ደግሞ መልሱ «ከኋላ የቆሙት» ከሆነ፣ እዚህ ላይ ጀግንነት የለም። በሰው ሕይወት የተገዛ ትንሽ ቁጠባ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ገዛ መንደራችን እንመለስ። ከተማችን ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች በመሆኗ ብዙዎቹ መንገዶቿ ወይ ሽቅብ ናቸው ወይ ቁልቁል። ከእርሷ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላና ወደ ዳውሮ መንገዶች ይወጣሉ። በእነዚህ መንገዶች ላይ በገበያ ቀን የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንድ ሞተር ሦስት ሰው ጭኖ ይከንፋል። ሄልሜቱ በራስ ላይ ሳይሆን በክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕፃናት ሽቅብ በሚያዘግም መኪና ኋላ ይንጠለጠላሉ። የባጃጅ ሾፌር በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መሪ ይዟል። ጥር ሲገባ ደግሞ የሠርግ መኪናዎች ካሜራ የያዘውን ሰው በመስኮት አውጥተው እየተሽቀዳደሙ ያልፋሉ፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

እነዚህ ነገሮች በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘኑ ምን ይሆናሉ? የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጥር እንመልከተው። 30 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በግማሽ ሰዓት ይደረሳል። በ90 ከተነዳ በ20 ደቂቃ ይደረሳል። እንግዲህ ሾፌሩ የሚያተርፈው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ነገር ግን የመኪናው የግጭት ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ አያድግም፤ በፍጥነቱ እጥፍ በእጥፍ ያድጋል። በ90 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው ከእጥፍ በላይ ኃይል ይዟል፤ በ60 የሚሄደው ደግሞ በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ይዟል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከግንብ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ዝለል ብንባል እንቢ የምንል ሰዎች፣ ያንኑ ዝላይ በጠፍጣፋ መንገድ ላይ በሳቅ እንፈጽመዋለን።

ስልክም እንዲሁ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ዐይኑን ለሦስት ሴኮንድ ወደ ስልኩ ቢያዞር፣ በእነዚያ ሦስት ሴኮንዶች 50 ሜትር ተጉዟል። ይህም የኳስ ሜዳ እኩሌታ ያህል ነው። የኳስ ሜዳ እኩሌታ ዐይንህን ጨፍነህ፣ ሕፃናት በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ትነዳለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ማን እሺ ይላል?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆናቸው ልጆችና ወጣቶችም ከማንኛውም በሽታ የበለጠ ገዳይ የመንገድ አደጋ ነው። በአገራችንም በፖሊስ የሚመዘገበው የሟቾች ቁጥር በቅርብ ዓመታት ከ4,000 በላይ የሆነበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ሄልሜት በአግባቡ መልበስ የሞተረኛን የመሞት ዕድል ከ40 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ የመኪና ቀበቶም የተሳፋሪን ሞት እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው የትራፊክ ደንብ ቀበቶ ማሰርን፣ ሄልሜት መልበስንና እየነዱ ስልክ በእጅ አለመያዝን ደንግጓል። እንግዲህ ዕውቀቱ አልጎደለም፤ ሕጉም አልጎደለም። የጎደለው ምንድን ነው?

የጎደለው፣ በእኔ አስተያየት፣ እፍረትን የማሸነፍ ኃይል ነው። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚል ብሂል አለን። ወጣት በብዛት የሚሞተው አደጋውን ስላላወቀ ሳይሆን፣ ዐውቆ መመለስ ስላፈረ ነው። ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ ወር 1912 ፓሪስ ውስጥ ፍራንዝ ራይኸልት የተባለ ልብስ ሰፊ፣ ራሱ የፈለሰፈውን የፓራሹት ልብስ ለመፈተን ወደ ኤፍል ግንብ ወጣ። ወዳጆቹ በራሱ ፋንታ አሻንጉሊት እንዲጥል ለመኑት። ጋዜጠኞችና ፊልም አንሺዎች ከታች ቆመው ይጠባበቁ ነበር። በፊልሙ ላይ እንደሚታየው ሰውዬው አጥሩ ላይ ወጥቶ ለ40 ሴኮንድ ያህል እያመነታ ቆየ። ከዚያም ከ57 ሜትር ከፍታ ዘለለ፤ ልብሱ አልተዘረጋም፤ ወዲያው ሞተ። እነዚያን 40 ሴኮንዶች አስቡአቸው። ልቡ «ተመለስ» እያለው ነበር። ያልመለሰው ግን ከታች የቆመው ካሜራ ነበር።

ዛሬ ካሜራው በየኪሳችን አለ። በሞተር ላይ ቆሞ የሚነዳውን ልጅ ስንቀርጽና ስናሳይ፣ በሞላ ወንዝ ውስጥ ለመሻገር የሚገባውን ስናበረታታ፣ እኛ ከዳር የቆምን ተመልካቾች አይደለንም። እኛ ምክንያቱ ነን። ተመልካች የሌለው ከንቱ ድፍረት ጥቂት ነው። በክረምት ብላቴ ወንዝ ሲሞላ ቀይ ውሃውን «ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነው» ብሎ የሚገባ ሰው አለ። ነገር ግን ውሃ ጉልበት ሳይደርስ፣ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ብሎም፣ በኃይል የሚሮጥ ከሆነ ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጎርፍ ደግሞ ብዙዎቹን መኪናዎች ይዞ ይሄዳል። ወንዙ እስከ ማታ ወይም እስከ ነገ ሊጎድል ይችላል። ሦስተኛውን ጥያቄ እዚህ ላይ እናንሣው፤ ሌላ መንገድ አልነበረምን? ነበረ። ስሙም መጠበቅ ይባላል።

«እኔ ጎበዝ ነኝ፤ መንዳት ዐውቃለሁ፤ ጉልበትም አለኝ» የሚልም አለ። ከሻምበል አበበ ቢቂላ የበለጠ ጠንካራ እግር በዘመኑ ማን ነበረው? እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ የማራቶን ወርቅ አገኘ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ግን ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ ሁለተኛም በእግሩ አልቆመም። ይህን የምጠቅሰው በእርሱ ላይ ጥፋት ለማግኘት አይደለም። ብረት ጀግናን ከሌላው እንደማይለይ ለማሳየት ነው። አበበን ያልማረ ብረት እኛን «ጎበዝ ናችሁ» ብሎ አይምረንም።

አሁን ከወጣቶች አፍ ዘወትር የሚሰማውን ክርክር እንመልከት። «ሕይወቱ የራሴ ናት፤ ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ» ይባላል። ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን በወላይታ ምድር ከተነገረ ሐሰት ነው። በእኛ አገር የራሱ ብቻ የሆነ ሰው ማን ነው? መሬታችን ጠባብ፣ ሕዝባችን ብዙ ነው። በአንዲት የእንሰት ጓሮ ላይ አያት፣ አባት፣ እናትና ልጆች ይኖራሉ። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ሞተር ገዝቶ ሥራ ሲጀምር፣ ከእርሱ ኋላ በሬ የሸጠ አባት፣ ቅቤ የሸጠች እናት፣ ትምህርቷን ያዘገየች እኅት አለች። ያ ልጅ ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም።

ከመሞት ደግሞ መቁሰል ይበዛል፤ ስለ መቁሰል ግን ጥቂት ይነገራል። የጭን አጥንት የተሰበረ ሰው በሶዶ ወዳሉት ሆስፒታሎች፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወይም ወደ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ ከገጠር በሰው ሸክምም ሆነ በመኪና ይመጣል። ከዚያ ለወራት መተኛት አለ፤ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ አለ፤ የመድኃኒት ወጪ አለ፤ ያልታረሰ መሬት አለ። ጭንቅላቱን የተመታው ደግሞ አካሉ ተርፎ አእምሮው ላይመለስ ይችላል። እናቱ ስሙን እየጠራች እርሱ ግን አያውቃትም። «ብሞት እኔ ነኝ» ያለው ልጅ ይህን አላሰበም። እርሱ የተወራረደው በገዛ ገንዘቡ አይደለም፤ በእናቱ እርጅና ነው የተወራረደው።

በዚህ ስፍራ አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ መስማት አለብን። «አንተ ተማሪ ስለሆንህ ትናገራለህ፤ ድሃ ግን ምርጫ የለውም» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት አለው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በዞናችን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። በተዳፋት መሬት ላይ ቤት የሠራ ገበሬ ደፋር ስለሆነ አልሠራም፤ ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን እርዳታ ነው። የከንቱ ድፍረትን ስም ለችግረኛ መስጠት ሌላ በደል ነው።

ነገር ግን ችግርንም የሚነግድበት ሰው አለ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ያ መንገድ ከእኛና ከጎረቤቶቻችን ዞኖች ብዙ ወጣቶችን ወስዷል። ደላላው ለወጣቱ ስለ ኮንቴይነሩ አየር አይነግረውም። የሚነግረው «አይዞህ፣ እነ እገሌ ደርሰው የለም ወይ? አንተ ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ነው። እነሆ፣ ያው የመጀመሪያው ንግግር! በሞተር ላይ ያለውን ልጅ የገፋው ቃል፣ በኮንቴይነሩም በር ላይ ቆሞ ይገፋል። ስለዚህ ችግረኛውን አንወቅሰውም፤ ሚዛኑን ከእጁ የነጠቀውን ግን እንወቅሳለን። እውነቱን ያላወቀ ሰው መመዘን አይችልምና።

ወደ ሁለተኛው ንግግር እንለፍ። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል በኀዘን ቤት ውስጥ መልካም ሥራ ይሠራል። ልጇን ያጣች እናት «ባልላክሁት ኖሮ» እያለች ራሷን እንዳትበላ ይጠብቃታል። ይህን ቃል ከእርሷ ላይ ልንቀማ አይገባንም። ነገር ግን ለእናት መጽናኛ የሆነው ቃል፣ ለሾፌሩ፣ ለባለ መኪናው፣ ለአጨብጫቢውና ለሚቀጥለው ደፋር መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ፍሬኑ ሠርቶ ነበርን? ስንት ሰው ተጭኖ ነበር? ሄልሜቱ የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ የሚቀጥለው ቀብር ከአሁኑ ተቀጥሯል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ እኛ ግን ጅቡ ነገም እንደሚመለስ እያወቅን፣ ከሄደ በኋላ እንኳ አንጮኽም።

ደግሞም «ቀኑ ተቆርጧል፤ ስለዚህ መጠንቀቅ አይጠቅምም» ማለት እምነት ነውን? ይህን የሚል ሰው ማሳውን ሳያርም «እህሉ የሚበቅልበት ቀን ተቆርጧል» አይልም፤ ማታም በሩን ሳይዘጋ አይተኛም። በሩን የሚዘጋ ሰው መጠንቀቅ እንደሚጠቅም በእጁ መስክሯል። ሁላችን በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። ጌታ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ ፈታኙ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚይዙት ነገረው። ጌታ ግን አልዘለለም። አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰ። ፈሪ ስለነበረ ነውን? አይደለም። ከጫፉ ላይ ለከንቱ አልዘልልም ያለው እርሱ፣ በኋላ ስለ ሌሎች ነፍሱን አሳልፎ ለመስጠት ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አቀና። ለከንቱ የማይዘልል ሰው ነው ጊዜው ሲደርስ ስለ ሰው ሊሞት የሚችለው።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ይህኛው በተለይ ለተሳፋሪዎችና ለሠርግ ደጋሾች ነው። ንጉሥ ዳዊት በምሽጉ ሳለ ከቤተልሔም ጉድጓድ ውሃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው አልፈው ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን አልጠጣውም፤ በነፍሳቸው የመጣ ውሃ እንደ ደማቸው ስለሆነበት ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። እኛስ? «ሾፌር፣ ቶሎ በል፤ ረፈደብን!» ስንል፣ «ሁላችንም በአንዱ እንግባ፤ ይበቃናል» ስንል፣ «ሞተረኛው ይከንፍልኛል» ብለን ስንደሰት፣ ያንን ውሃ እየጠጣን ነው። ዳዊት ያስተማረን ሌሎች ስለ እኛ ያለ ምክንያት ሲደፍሩ ትርፉን እንቢ ማለትን ነው። ትርፉ እንቢ ከተባለ ድፍረቱ ገበያ ያጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትላልቅ ምክሮችን ለትላልቅ ሰዎች ትቼ፣ በእኛ በወጣቶች እጅ ያሉትን ትንንሽ ነገሮች ብቻ ልጥቀስ። ሦስተኛ ሆነን ሞተር ላይ አንውጣ። ሄልሜት የለበሰውን ልጅ «ፈሪ» ብለን አንሳቅበት፤ ይልቁንም ያለ ሄልሜት የሚነዳውን አናጨብጭብለት። ካሜራችንን ለከንቱ ድፍረት አንክፈት። በማኅበራችን ውስጥ ሠርግ ሲኖር፣ ስለ ልብሱ ኅብርና ስለ መዝሙሩ ከመነጋገራችን በፊት፣ ሰው በምን እንደሚሄድና እንደሚመለስ እንነጋገር፤ ገንዘብ ከጎደለ ከድግሱ ይቀነስ እንጂ ከመቀመጫው አይቀነስ። መኪናው ከልክ በላይ ሲጫን ወይም ሾፌሩ ስልክ ሲያነሣ አንዳችን አፋችንን እንክፈት፤ «ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል፤ ካልሆነም አውርደኝ» እንበል።

ይህን መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሰው ዝም ባለበት መኪና ውስጥ ብቻውን የሚናገር ሰው ይሳቅበታል፤ «ከፈራህ በእግርህ ሂድ» ይባላል። ስለዚህ ነው ይህን ጀግንነት የምለው። በሦስቱ ጥያቄዎች መዝኑት። የሚደፈረው ለምንድን ነው? ለሃያ ነፍስ። ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የተናገረው ራሱ፣ በጥቂት እፍረት። ሌላ መንገድ አለን? ሁሉ ዝም ካለ የለም። ሞተር ላይ ቆሞ ከመንዳት ይልቅ በጓደኞች ፊት «እኔ አልሄድም» ማለት የበለጠ ልብ ይጠይቃል።

ወንድሞችና እኅቶች! «ምን ያስፈራሃል?» ለሚለን ሰው መልስ እንዳለን እንወቅ። የሚያስፈራኝ የእናቴ ለቅሶ ነው። የሚያስፈራኝ በመንገድ ዳር የሚሻገር የማላውቀው ሕፃን ነው። የሚያስፈራኝ የተሰጠኝን ሕይወት ለ10 ደቂቃ መሸጥ ነው። ይህን መፍራት ነውር አይደለም፤ የጤናማ ኅሊና ምልክት ነው። ይህን መልስ ከአደጋ በፊት የምንናገር ብንሆን፣ ሽማግሌዎቻችን በድንኳን ውስጥ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚሉበት ጊዜ ይቀንሳል፤ በሚሉበትም ጊዜ ቃሉ እውነት ይሆናል።